«ኔትወርክ የለም»

«ኔትወርክ የለም» ሲሉ ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ላልተሠራ ሥራ ሁሉ መሸፈኛው ይኸው ነው። የሚናገረው አያፍርም፣ የሚሰማውም አይጠይቅም።

ሳሌም እባላለሁ፤ ጋሽ ወልደተንሣኤ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ለዘመድ ለቅሶ መዘዞ ሄጄ ሰንብቼ ሰኞ ጠዋት ስመለስ፣ አንዲት ልጅ ማስረጃዎቿን በፌስታል አቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ዩምና ትባላለች፤ ከአልዩ አምባ ነው የመጣችው። በነርስነት ከተመረቀች ወዲህ ባገሯ ጤና ጣቢያ ቅጥር ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ምዝገባው ደግሞ በስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው። የእሷ ስልክ አርጅቶ መተግበሪያውን አልቀበልም ብሏል። የሰው ስልክ እንዳትዋስ፣ አንድ ስልክ የሚመዘግበው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለእንዲህ ያለው ችግር ብዬ ነበር ኮምፒውተሩ ላይ ቨርቹዋል ማሽን የጫንኩት። ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር አንድሮይድ ስልክ በሉት። አንዱ ተመዝግቦ ሲወጣ አጠፋውና ለሚቀጥለው ሰው አዲስ እጭናለሁ። ስሄድ ደህና ይሠራ ነበር።

«ከአርብ ጀምሮ ኔትወርክ የለም» አሉኝ ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። ፊታቸው የተዘረጋው ስልክ ግን በዚያው በቤቱ ዋይፋይ ቪዲዮ ያንበለብላል። አንዴ እንኳ አልተቆራረጠም።

ማሽኑን ከፈትኩት። ጋሼ ያልነካኩት ነገር የለም። የኔትወርክ መስመሩን ሳይቀር ነቅለው «አልተገናኘም» ላይ ትተውታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በኮምፒውተሩ ኢንተርኔት በኩል እንዲያልፍ አድርጌ መለስኩት፤ የዋይፋዩ ምልክት ብቅ አለ። ዩምና ተነሥታ ከኋላዬ ቆመች። መተግበሪያውን ስነካው ግን «መገናኘት አልተቻለም» አለ። አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ያው ነው። በኋላ ዓይኔ ቀኑ ላይ አረፈ። 2018 ይላል።

«ጋሼ፣ ቀኑን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «የፈረንጅ ዘመን ይዞ ተገትሮ አገኘሁት። እኛ የራሳችን ቁጥር የለንም እንዴ? አስተካከልኩት።»

አስተካከልኩት! ማሽን እኮ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ጎትተውታል። የምዝገባው ገጽ የዛሬውን የደህንነት ማረጋገጫ ሲያሳየው፣ ማሽኑ «ይሄማ ገና አልተሰጠም፣ ሐሰተኛ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ቀኑን መለስኩ። መተግበሪያው ወዲያው ተከፈተ። ዩምና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስሟን ከነአያቷ ነገረችኝ፤ ሞልቼ ላክሁት። በቀይ ጽሑፍ መልስ መጣ፦ ምዝገባው ቅዳሜ ተጠናቋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ልጅቷ ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው። «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» አለች በመጨረሻ። «ኔትወርክ ከሌለ እናንተስ ምን ታደርጉ።»

«ተይው ልጄ፣ ያገራችን ኔትወርክ እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ አዛኝ መስለው ከንፈራቸውን እየመጠጡ።

«ኔትወርኩ ነበረ» አልኳት። «እሳቸው ናቸው ማሽኑን ያበላሹት።»

«አርብም ነበረ?»

«አርብም ነበረ።»

ወደሳቸው ዞረች። አልጮኸችም፣ ብትጮህ በወደድኩ። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ይመጣል ስላሉኝ እኮ ነው አርብ ወደ አገሬ ያልተመለስኩት። የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ለምኜ ሦስት ሌሊት አደርኩ» አለችና ፌስታሏን አቅፋ ወጣች።

ጋሽ ወልደተንሣኤ ስትወጣ እንኳ ዞር ብለው አላዩአትም። እኔ ላይ አፈጠጡ።

«ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አሉኝ።

ለካስ የተዋረዱት እሳቸው ናቸው።