ገመድ ላይ የቀረ ሊጥ

«በዚህ ሐዘን የተሰበሰባችሁ ሁሉ አድምጡ!» አሉ ባላምባራስ ተክለሃይማኖት፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ አገር የተወረረ በሚያስመስል ድምፅ። «ከጓሮ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ተመርምሯል። ጅማት አይደለም። መተትም አይደለም። ሊጥ ነው!»

ድንኳኑን የሞላው የአራዳ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ዓምደሚካኤል ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ያለ እፎይታ አልታየም። ለሟቹ ጠብታ እንባ ያልወጣው ሁሉ ለሊጡ ሊያነባ ምንም አልቀረው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም እሸቴ መግቢያው አጠገብ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ባላምባራስን በደንብ ያውቃቸዋል። በዓምደሚካኤል ቤት ያልበሉበት ሰሞን የለም። ሳህኑን በእንጀራ ጥርግ አድርገው ሲያበቁ «የባዕድ ምግብ ነፍስ ያረክሳል» ብለው ይነሡና፣ በማግስቱ የረከሰች ነፍሳቸውን ይዘው ከተፍ ነው።

«ነፍሱን ይማረውና» አሉ አሁንም፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ባሕር ተሻግሮ ጥበብ ያመጣል፣ ጠመንጃ ያመጣል። እሱ የሊጥ ትምህርት አመጣ!»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑት። ወንዶቹ በሳል አሳበቡ።

ዓምደሚካኤል ቆዳ ለሚነግድ ጣሊያናዊ አስተርጓሚ ሆኖ እስከ ናፖሊ ዘልቆ ነበር። ሲመለስ ዘመድ አዝማድ የቤተ መንግሥት ወሬ ሊሰማ ከቦት ቢቀመጥ፣ እሱ የሚያወራው ስለ አንዲት ጠባብ መንገድ ብቻ ሆነ። እዚያ ደጅ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዶ ፓስታ ይቀቀላል። አናጢውም ጠበቃውም ጎን ለጎን ቆመው፣ ወደ ሰማይ አንጋጠው ወደ አፋቸው ያወርዱታል።

«በእጃቸው ነው እኮ! እንደኛው!» ይላል፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

«ንጉሣቸውንስ አየኸው?»

«ርቦኝ ነበር፤ አላየሁም።»

ከዚያ የባሰው መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ማድ ቤት ገባ። ወንድ ልጅ፣ ያውም የአራዳ ወንድ፣ ማድ ቤት! ቲማቲሙን በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ያቁላላል። ከሚፈላው ድስት አንዲት ክር አውጥቶ በፊት ጥርሱ ነክሶ ዓይኑን ይጨፍናል። «ጥርስን ትንሽ መታገል አለበት» ይላል፤ «ያኔ ነው የሚወጣው።»

እሸቴ አንድ ቀን እንግዳ በሞላው ገበታ ላይ ቀመሰና ተፋው።

«ጥሬ ነው! ወንድሜ ወንድ ሆኖ ሄዶ ሴት ሆኖ ተመለሰ፤ እሱስ ይሁን፣ ሙያ የሌላት ሴት!»

ገበታው በሳቅ ተናጋ። ዓምደሚካኤል የተተፋውን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ወዲህ እሸቴ ይህን ግቢ የረገጠው ለለቅሶው ነው።

አክስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ቄሶቹ ሊመጡ ነው፣ እሸቴዬ። ያንን ጉድ አውርጄ ልጣለው። ውሻም ከበላው።»

«ይጣል።»

ሴትዮዋ ግን አልተነሡም። «ላንተ ነበር እኮ።»

«ምኑ?»

«ሊጡ። እሁድ ጥሪልኝና እንታረቅ ብሎኝ አልነበር? አንተስ ‹ለጥሬ ሊጥ የሚሆን ጥርስ የለኝም› አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እሱን በምን አፌ እነግረዋለሁ? ይመጣል አልኩት። ደስ ብሎት ሲያሽ፣ ሲዳምጥ፣ ክር አድርጎ ሲቆርጥ ዋለ። ንዳዱ የጣለው እንዲደርቅ ገመዱ ላይ ሰቅሎ ሳይጨርስ ነው።»

እሸቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ዞረ። የደረቀውን ሊጥ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ አንድ በአንድ ነጠላው ላይ አወረደው። ከዚያ ማድ ቤት ገብቶ እሳት አቀጣጠለና ውኃ ጣደ።

«ኧረ በሥላሴ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ተከትለውት። «ሐዘንተኛ ድስት ይጥዳል? ጎረቤቱ እንጀራ ተሸክሞ እየመጣ!»

ወሬው ድንኳኑ ደረሰ። ባላምባራስም ለቀስተኛውን አስከትለው ማድ ቤቱ በር ላይ ደረሱ።

«አንተም ተጋባብህ?»

እሸቴ እሳቱን ቆሰቆሰ። ውኃው ሲንተከተክ ሊጡን ጨመረው። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ክር አወጣና በፊት ጥርሱ ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ድስቱንም ወዲያው አወረደ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ልጄ፣ መሃሉ ገና ነው። አልበሰለም።»

«አውቃለሁ።»

ሳህኑን ሞላ። ባላምባራስ፣ ነፍሳቸው ለመርከስ እንደተዘጋጀች፣ እጃቸውን ሲሰነዝሩ ሳህኑን አራቀባቸው። ከዚያ ከለቀስተኛው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ አንገቱን መድፋት የሚገባው ሰው፣ ጥላሸት ወደ ጠጣው ጣሪያ አንጋጦ ፓስታውን በእጁ ወደ አፉ አወረደ። ቀስ ብሎ አኘከ።

«ምን ዓይነት አበላል ነው ይሄ?» አሉ ባላምባራስ። «ጥሬ መሆኑን እያወቅህ ለምን አወጣኸው?»

እሸቴ ዋጠ።

«ጥርስን ትንሽ መታገል አለበት።»