በሕይወት ታሪኩ ያልተጻፈችው

«ይሄን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ማነው?»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ይህን የጠየቁት በሰልስቱ ዕለት፣ ኮልፌ ባለው ቤታቸው ሳሎን ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነው። በእጃቸው ከትናንት በስቲያ የልጃቸው የወንድይፍራው ቀብር ላይ የተነበበው ወረቀት አለ። ንፍሮ የያዙ እጆች ባሉበት ቀሩ።

«ቢሮው ነው የላከልን፣ እማዬ» አለ ታላቅ ልጃቸው ግሩም። መቃብሩ ላይ ቆሞ ያነበበው እሱ ነው። «ምን ስህተት አለበት?»

«"ትዳር ሳይመሠርት፣ በተወለደ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ" ይላል። ልጄ ሰው የለውም ነበር እንዴ?»

በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር የተቀመጠችው ማራኪ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። የጻፈችው እሷ ናታ።

ቢሮው ማራኪን የሚያውቃት የወንድይፍራው አለቃ ሆና ብቻ ነው። እሱ የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ነበር፤ ከግንባር ዜናውን በስልክ ያነብላታል፤ እሷ ትጽፋለች፣ ታርማለች፣ ትቆርጣለች። መቁረጥ ላይማ ማን ይችላታል! «መድፉ ሲያጓራ ፈርቼ ነበር» ያለ እንደሆነ ወዲያው ትሰርዘዋለች።

«አንተ ዜና አይደለህም፣ ወንዴ።»

«ብሞትስ?»

«ያኔ አንድ አንቀጽ እሰጥሃለሁ።»

ከት ብለው ይሥቁ ነበር። ምን ዓይነት ሳቅ ነው እሱ! የቀብሩ ዕለት ጠዋት ኃላፊው «ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል» ብሎ ሲያዛት፣ ቁጭ ብላ ሦስት አንቀጽ ጻፈችለት። የት እንደተማረ፣ የትኞቹ ግንባሮች እንደዋለ፣ ለሰው እንዴት እንደሚራራ። ትዳር የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ እንደ ሥራ ልማዷ ራሷን ቆርጣ አወጣች።

አራት ዓመት ተዋደዋል። የምትወደውን ሰው ጦር ሜዳ የምትልክ አለቃ ለወሬ ትመቻለች ብለው ከቢሮ ደበቁት። አምና ወደ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሊላክ ለእሁድ ተቀጥሮ ሳለ፣ ዓርብ ዕለት ውጊያ ተነሣ። የሚሄድ ሌላ ሰው አልነበረም።

«"አትሂድ" በዪኝ፣ እቀራለሁ» አላት።

አለቃዪቱ «ሂድ» አለችው። ፍቅረኛዪቱ ደግሞ ለምን ሄደ ብላ አኮረፈች። እሱ ምስኪን ለየትኛዋ መልስ እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት፣ ዜናውን ለአንዷ፣ ይቅርታውን ለሌላዋ በአንድ ስልክ ይልክ ነበር። ሽማግሌው እንዲህ እየተባለ ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስት ጊዜ ቀረ። በመጨረሻው ጊዜማ ስድስት ወር ሙሉ ከሥራ ውጪ አላነጋገረችውም።

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ግን ልቧ አልችል አለና ራሷ ደወለችለት። «በቃ፣ ና። ቀን እንቁረጥ» አለችው። ሦስት ጊዜ ከግንባር በነፍሱ የተመለሰው ሰው፣ 18 ማዞሪያ ቆሞ ወደ እሷ የሚወስደውን የሳንሱሲ ታክሲ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ ብሎ በዚያው ወድቆ ቀረ።

ወዴት እየሄደ እንደነበር የምታውቅ እሷ ብቻ እንደሆነች ታስባለች። ሦስቱን ቀን አግዳሚው ላይ እንደ ባዕድ የተቀመጠችውም ለዚህ ነው። ዓይን ለዓይን ከተጋጠሙ፣ እናቱ «ልጄን የጨረስሽው አንቺ ነሽ» የሚሏት ይመስላታል።

አሁን ግን ብድግ አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ቀና ብለው አዩዋት። «ታዲያ ራስሽን የት ጥለሽው ነው?»

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«እኛ... ስለ ራሳችን አንጽፍም» አለች።

«ወይ ጉድ! እኔ አቶ ገሜዳን "እሁድ ነው" እያልኩ ሦስት ጊዜ ጋቢ ያሳጠብኳቸው ለማን ኖሯል?»

ጥግ ላይ የነበሩት የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ የነበሩት አቶ ገሜዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነት ነው፣ ልጄ። ጋቢው በእጥበት አለቀ።»

ፍራሹ ላይ ያሉት ሴቶች በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። ማራኪ ግን አልቻለችም።

«እማማ፣ ታክሲ የጠበቀው ወደ እኔ ሊመጣ ነው። እኔ ነኝ ና ያልኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ሂድ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ሸሚዙን የተኮስኩለት እኔ አይደለሁም? "ታረቀችኝ እማዬ፣ ታረቀችኝ" እያለ ሻዩን እንኳ ቆሞ ነው የጠጣው። አጎንብሶ ሳመኝና እየሣቀ ወጣ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ልጄ ደስ ብሎት ነው የሞተው። ይሄን ነው ያልጻፍሽልኝ።»

ማራኪ ቢሮም ሆና፣ ቀብሩም ላይ አምቃ የያዘችው እዚያው አመለጣት። «ወንዴ! ወንዴዬ!» ብላ ስትጮህ የሥራ ባልደረቦቿ ክው አሉ፤ አለቃቸው ስታለቅስ አይተው አያውቁም። ግሩም ፈጥኖ ደገፋት።

«አምጣት» አሉ እናቱ። «ቦታዋ እዚህ ነው።»

አጠገባቸው ፍራሹ ላይ አስቀመጧት። እንደ ለቅሶ ደራሽ ጫማዋን እንዳደረገች ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ እማማ፣ ይተዉ! እኔ...»

«ዝም በይ።»

አንድ በአንድ አወለቁላት። ከዚያም ጫማዎቹን ወደ ቡፌው ሥር ገፋ አድርገው፣ ከልጆቻቸው ጫማ ጋር ደረደሯቸው።