ሰው እስኪያዝ

ለሊፍት ጠጋኞች አዲስ ደንብ መጣ፤ ከተሰጠው ቀነ ገደብ በኋላ የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ሰው ሊፍት አይነካም ተባለ። ሽቦ ይህን ስትሰማ በእጇ የያዘችው ካቻቢቴ አመለጣት። ሽቦ የሚለው ቅጥነቷን አይተው የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው፤ ከመልመዷ የተነሳ በዋናው ስሟ ሲጠሯት ዞርም አትልም። ሙያውን የተማረችው ከአንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ሥር ሥር እየሄደች ነው። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ወረቀት ግን የላትም።

የማረጋገጫው ፈተና ደግሞ ቁጭ ብለው የሚጽፉት ዓይነት አይደለም። የዘወትር ሥራዋን እየሠራች ማስረጃ ሰብስባ አንድ ፋይል መሙላት አለባት። ገመድ ስትመረምር ፎቶ፣ በር ስታስተካክል ቪዲዮ፣ ዘይት ስትቀይር ያያት ሰው ምስክርነት ከነፊርማው። መጀመሪያ ላይ «ይቺማ ምን አላት» ብላ ነበር። አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊ እህቷም የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ ግማሹን ጠረጴዛ ለቀቀችላት። ፋይሉ ወፈረ። አንዲት ክፍል ብቻ ባዶዋን ቀረች፦ «በሊፍት ውስጥ የተያዘን ሰው በሰላም ማውጣት»።

ከዚህ በፊት ሰው አውጥታ ታውቃለች፤ ያኔ ግን ማስረጃ የሚል አልነበረም። አሁን ማስረጃ ሲፈለግ ሰው አልያዝ አለ። ጥፋቱ የራሷው ነው። ለፎቶው ብላ የላላውን አጥብቃ፣ የደረቀውን ቀብታ፣ ያረጀውን ቀይራ ጨርሳለች፤ የምትሠራበት ሕንፃ ሊፍቶች በሕይወታቸው እንደዚያን ሰሞን ሠርተው አያውቁም።

መቀመጥ አቃታት። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያው የሞተር ክፍል በደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ሊፍት ሲያቃስት የሰማች ይመስላትና ጆሮዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች። የሆነ ነገር በጮኸ ቁጥር ስልኳን ከኪሷ ትመዛለች። የማይክሮዌቭ ድምፅ ሳይቀር አስሮጧታል።

«አንቺ ሴት፣ ሰው እንዲያዝ እየጸለይሽ ነው እንዴ?» አለቻት እህቷ።

«አልጸለይኩም» አለች ሽቦ። ስልኳን ወደ ኪሷ እየመለሰች «ጮክ ብዬ አልጸለይኩም» አለች።

መፍትሔውን ያመጣችው እህቷ ናት። «እኔ ልግባልሽ። ታጠፊዋለሽ፣ እጮሃለሁ፣ ታወጪኛለሽ፤ በቃ!» ሽቦ እያመነታች እሺ አለች። በእረፍት ቀን ሕንፃው ጭር ሲል ይዛት ሄደች። እህቷ ሊፍቱ ውስጥ ገባችና መስታወቱ ፊት ቆማ ከንፈሯን መቀባት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቪዲዮ አይደል እንዴ? ከፊት ቅረጪኝ፤ ከጎን ስሆን አፍንጫዬ ይረዝማል።» ከዚያም እጇን ግንባሯ ላይ ጭና «ወይኔ ጉዴ! የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸችና ራሷው በሳቅ ፈረሰች።

ሽቦም ሳቀች። ሳቋ ሲያልፍ ግን የውሸት ማስረጃ መሆኑ ከነከናት። «ውጪ፤ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለቻት።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!» እህቷ ከልቧ ተቀየመች።

በሕንፃው ውስጥ ሽቦ አጥብቃ የምትሸሸው አንድ ሰው ነበር፤ አስተዳዳሪው። ሠራተኛው ሁሉ «ሰዓቱ» ይለዋል፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን እያየ የዘገየውን ስለሚያሸማቅቅ። ትልቅ ሰው ነው፤ ክራባቱ ዝንፍ አይልም፤ ደርቦ ያሰረው ይመስል ፊቱም አይፈታም። ሽቦን ያናገራት ለመቆጣት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ብልጭ ድርግም አለና የአንደኛው ሊፍት የአደጋ ደወል ጮኸ። ሽቦ ደስ አላት። ደስ እንዳላት ሲገባት ደነገጠች፤ እግሯ ግን ደረጃውን ጀምሮታል። የሞተር ክፍሉ ስትደርስ ስልኳን እንዲቀርጻት መሣሪያ ሣጥኑ ላይ አቁማ፣ ከሊፍቱ ጋር የሚያገናኘውን መነጋገሪያ አነሳች።

«ሃሎ! ማን አለ ውስጥ?»

መጀመሪያ የተሰማት ትንፋሽ ብቻ ነው። ቀጥሎ የጎልማሳ ሰው ድምፅ፣ ግን በሕፃን ቃና፦ «ክፈቱልኝ… ሁለተኛ አይለምደኝም… አትዝጉብኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም…»

ድምፁን አወቀችው። አስተዳዳሪው ነው።

ሽቦ ዞር ብላ ስልኳን አየች፤ እየቀረጸ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ደረጃ ለደረጃ ያንከራተታት ነገር እጇ ገብቷል። ቀረጻውን አጠፋችው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ሽቦ። ሊፍቱ ቆመ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። ገመዱን የማየው እኔ ነኝ፣ የትም አይሄድም። አሁን መብራቱን አጥፍቼ…»

«መብራት አታጥፊ!»

«የሞተሩን ነው ጋሼ፤ የውስጡን አልነካም። ከዚያ ፍሬኑን እለቅና በእጄ እያዞርኩ አወርድዎታለሁ። ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል፤ እኔ ነኝ፣ አይደንግጡ። ከበሩ ራቅ ይበሉ። እስከዚያ ያናግሩኝ።»

እሱ ማናገር አልቻለም፤ እሷ አወራች። መነጋገሪያውን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ወትፋ የሞተሩን ትልቅ መንኮራኩር እያዞረች፣ ስለ እህቷ አፍንጫ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ አወራችለት። ሊፍቱ ከፎቁ ወለል ጋር ሲገጥም ፍሬኑን መልሳ ይዛ ወደ ታች በረረችና በሩን በቁልፏ ከፈተች። አስተዳዳሪው ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሱሪው ርሷል።

የሥራ ጃኬቷን አውልቃ ሰጠችው፤ ወገቡ ላይ አሰረው።

«ማንም እንዳይሰማ» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

«ማን ሊሰማ? እኔም አልሰማሁ።»

ታች ስትወርድ ጥበቃው «ሰው ነበረበት እንዴ?» አላት። «ባዶውን ነው» አለች።

ጃኬቷ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በፌስታል ሆኖ የሞተር ክፍሉ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ አስተዳዳሪው እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። በር ላይም ሲቆም ሌላውን ሁሉ ይቆጣል፣ እሷን ግን እንዳላየ ያልፋታል። ይኼኛው ከቁጣው ባሰባት። ለእህቷ እንኳ መንገር አልቻለችም፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ይመጣል፣ ትውጠዋለች።

ፋይሉ የሚታይበት ቀን ደረሰና የብቃት መዛኙ መጣ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ፣ ረጋ ያለ ሰው። ፋይሉን ገጽ በገጽ አየ። ሽቦ ቁጭ ብድግ ትላለች።

«ተቀመጪ እንጂ፣ አዞርሽኝ። ይቺ ክፍል ባዶ ናት። እስካሁን አንድም ሰው አልተያዘም?»

«ተይዟል። ማስረጃ የለኝም።»

«ምስክርስ?»

«የለም።»

መዛኙ ዓይኗን አየና «ገና ብቁ አይደለችም» ብሎ ጻፈ። ሽቦ ፊደሎቹን ከጠረጴዛው ማዶ ገልብጣ አነበበቻቸውና ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች።

«አታልቅሺ፤ ‹ገና› ነው ያልኩት። እኔ ቆሜ ካየሁ በማስመሰልም ማሳየት ትችያለሽ። ሊፍቱ ይዘጋል፣ ውስጡ የአሸዋ ከረጢት ይቀመጣል፣ ታወጪዋለሽ። የሕንፃው አስተዳዳሪ ይፍቀድልን ብቻ።»

«በማስመሰል ይቻላል? ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

የአስተዳዳሪው ቢሮ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሽቦ ስትገባ ልማዷ ሆኖ ልትዘጋው እጇን ሰደደች፤ እሱ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ይህ በር ክረምት ከበጋ ሲዘጋ አይታው እንደማታውቅ ያኔ ትዝ አላት፤ እንደነበር ተወችው።

«ምን ፈለግሽ?» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ያን ቀን ልታነሺብኝ ነው የመጣሽው?»

«የትኛውን ቀን ጋሼ? እኔ ለፈተና ሊፍቱን ለግማሽ ቀን ይዝጉልኝ ልልዎ ነው። አንዲት ክፍል ጎደለችብኝ።»

«የትኛዋ ክፍል?»

ነገረችው። አስተዳዳሪው እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ሲያይ ቆየ። «ያን ቀን አንዲት ቃል ብትይ ኖሮ ሞልታልሽ ነበር» አለ። ፈረመላትና ወረቀቱን ሳያያት ገፋላት።

በፈተናው ቀን ከረጢቶቹ ሊፍቱ ውስጥ ተደርድረው ሽቦና መዛኙ ወደ ጣሪያው ሊወጡ ሲሉ አስተዳዳሪው መጣ። ክራባቱ እንደ ወትሮው ነው። «ከረጢት አይናገርም» አለ ለመዛኙ። «ሰው ቢሆን አይሻልም?»

«ቢሻልማ ይሻል ነበር፤ ግን ግድ አይደለም።»

አስተዳዳሪው ሊፍቱ ውስጥ ገባ። ሽቦ ከኋላው ተጠግታ «ጋሼ፣ ይቅርብዎት፣ በከረጢቱም አልፋለሁ» አለችው በሹክሹክታ።

«እያወራሽኝ ሥሪ» አለ። በሩ ተዘጋ።

ከመዛኙ ጋር ወደ ሞተር ክፍሉ ወጥታ ሊፍቱን በፎቆች መሐል አቆመችው። መነጋገሪያውን አነሳች፣ ማንነቷን ተናገረች፣ ምን እንደምታደርግ አንድ በአንድ አስረዳች። ከታች ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ ፈጠነ፣ ቆረጥ ቆረጥ አለ። ፍሬኑን ልትለቅ ስትል ድምፁ መጣ።

«የሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር መጥረጊያ ተጋርጦበት ሰነበተ!»

«እነግራቸዋለሁ ጋሼ። አሁን ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ነኝ።»

«ጥበቃውም ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው! የጽዳቶቹ አለቃ ደግሞ ስልክ ላይ ተጥዳ ነው የምትውለው! መስኮት ከተወለወለ ስንት ጊዜው?» እንዲህ እያለ፣ ድምፁ አንዴ እየሰለለ አንዴ እየጎላ፣ የሕንፃውን ሠራተኛ በሙሉ አንድ ሳያስቀር ተቆጣ። ሽቦ መንኮራኩሩን እያዞረች «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ትንሽ ቀረን» ትላለች፤ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

መዛኙ መነጽሩን አወረደ። «የተያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«ሰው ሁሉ የየራሱ ነው» አለች ሽቦ።

በሩን ስትከፍት አስተዳዳሪው መሐል ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የመዛኙን ብዕር ተቀብሎ የምስክሩ ቦታ ላይ ፈረመ፤ ፊርማው ተንጋዶ ከመስመሩ ወጣ። ከዚያ ደረጃውን ይዞ ወረደ።

መዛኙ «ብቁ» ብሎ ጻፈ።

ማምሻውን እህቷ ወሬውን ስትሰማ እልል ብላ ጎረቤት አስደነገጠች። «ማነው ታዲያ የገባልሽ? እኔን ንቀሽ!»

«አስተዳዳሪው።»

«ያ ቁጡ? በነፃ?»

«በነፃ አይደለም» አለች ሽቦ።

እህቷ ስንት፣ እንዴት እያለች ጠየቀቻት፤ ሽቦ ግን ተነስታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።