ውርጭ የመታው የአራስ ድንች

አያ ሸጋው ድንቹን ራቁቱን ያስቀረው በስንፍና አይደለም፤ ልጁን ስለሚወድ ነው። የጥር ውርጭ ግን እንዲህ ያለ ምክንያት አይሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ታየች ዳባት ተድራ፣ አርግዛ፣ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ምን ያደርጋል፣ እናት የለችም። ሚስቱ ይታይሽ ካረፈች ዓመት አልፏታል። ከደባርቅ በላይ፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት ዳገት ላይ ባለችው ቤት የቀረው አያ ሸጋው ብቻውን ነው። የታየች አማት እመት ውቢት ታዲያ፣ ወንድ ብቻውን ባለበት ቤት ምን አራስ አለ ብለው አሻፈረኝ አሉ። እሳቸውም አንጀታቸው ያረረ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸውን፣ የታየችን ባል ክንዴን፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ መሀል አፍሰው ወስደውባቸዋል። ኤርትራ ዘመተ ከተባለ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ታየች ሆድ ውስጥ ያለው ከክንዴ የቀራቸው ነገር ነው፤ ከዓይናቸው እንዲርቅ አልፈለጉም።

ሽማግሌ ገብቶ በስንት ልመና ተስማሙ። እመት ውቢት ራሳቸው ታየችን ይዘው ይመጣሉ፤ ቤቱን ያያሉ። ለአራስ የሚሆን ከሆነ ትተዋት ይመለሳሉ፤ ካልሆነ በማግስቱ ይዘዋት ይሄዳሉ።

አያ ሸጋው ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሚስቱን አጥቶ፣ አሁን ደግሞ ልጁ ሰው ቤት ብትወልድበት፣ ቤቱ ከእንግዲህ ቤት የሚባል አልመሰለውም። ስለዚህ ወገቡን አሰረና ተነሳ። ወለሉን በእበት ለቀለቀ። የጎረቤት ሴቶች፣ “አያ ሸጋው ባል ሊያገባ ነው” ብለው ሳቁበት፤ ይሳቁ፣ ምን ቸገረው። ቅቤ ከዚህም ከዚያም ለምኖ አጠራቀመ። እህሉ ላይ ግን እጁ አጠረ። ገብሱን በረዶ መትቶበት የቀረው ለገንፎ እንኳ የማይበቃ እፍኝ ዱቄት ነው። ተስፋው ሁሉ ይታይሽ የጀመረችው የጓሮ ድንች ላይ ነበር። እሷ ስታደርግ እንዳየው ኮትኩቶ፣ አርሞ፣ ቆፍሮ አውጥቶ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ውስጥ ከምሮ ጭድ አልብሶታል።

እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ሌሊት ሲቀር መደቡን አየና ልቡ አልረካም። ቁርበቱ እንጨት ሆኗል። ልጄ በዚህ ላይ ተኝታ ልታምጥ ነው? ጆንያ ሰፋና የሚሞላበት ጭድ ፈለገ። የበሬው ጭድ ካለቀ ሰንብቷል፤ የቀረው ድንቹ የለበሰው ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ምን ይሆናል ብሎ ገፈፈው። አይ አያ ሸጋው! ፍራሹን ሞልቶ፣ መታ መታ አድርጎ አመቻቸና፣ ላዩ ላይ ጋደም ብሎ ሞከረው። ተመቸው፤ ደስ ብሎት አደረ።

ጠዋት ጎጆዋን ሲከፍት ድንቹ ድንጋይ ሆኗል። አንዱን ከሌላው ቢያጋጨው ቋ አለ። ከዚያም ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አደረገ፤ የቻለውን ያህል አቅፎ ወደ ቤት ሮጠና ይሙቅ ብሎ ምድጃው ዙሪያ ደረደረው። ድንቹ ሞቀ፣ ላመ፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ እያነባ በዚያ አዲስ ወለል ላይ ፈሰሰ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እንግዶቹ ደባርቅ አድረው ኖሮ፣ ታየች በበቅሎ፣ እመት ውቢት በእግራቸው፣ የደረሱት ይኸኔ ነው።

እመት ውቢት በሩ ላይ ቆመው ወለሉን አዩ።

“አቶ ሸጋው፣ ምንድን ነው ይሄ?” አሉ። ሁልጊዜም እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር “አቶ” እያሉ ነው የሚጠሩት።

ድንቹን ውርጭ እንደመታው ነገራቸው። የጭዱን ነገር ግን ዋጠው፤ አፈረ። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ታየችን ዕቃሽን አትፍቺ፣ ዛሬ እረፊና ነገ እንመለሳለን አሏት። አያ ሸጋው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አልቅስ አልቅስ አለው።

ታየች ወገቧ ተሰብሮ ነበርና መደቡ ላይ ጋደም አለች። ፍራሹን በእጇ ዳሰሰችው።

“አባ፣ ይህን ሁሉ ጭድ ከየት አመጣኸው?”

የመለሱላት እመት ውቢት ናቸው ማለት ይቻላል። የተረፈ ነገር ካለ ልይ ብለው ወደ ጎጆዋ ሄደው ኖሮ፣ ራቁቱን የቀረውን ድንችም፣ ከጎጆዋ እስከ ቤቱ በር የተንጠባጠበውንም ጭድ አይተዋል። ገብተው ፍራሹን ጫን ጫን አደረጉና ወደ እሱ ዞሩ።

“ለመኝታዋ ብለው ነው ከድንቹ ላይ ያነሱት?”

“እንዳይቆረቁራት ብዬ ነው” አለ አያ ሸጋው አንገቱን ደፍቶ።

እመት ውቢት ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ።

“የኔስ ልጅ አሁን ምን ላይ ተኝቶ ይሆን” አሉ፤ ለማንም አልነበረም።

ከዚያ ብድግ ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እሳቸው ዳባት ተድረው ኖሩ እንጂ ከስሜን ተራሮች የአምቢኮ ልጅ ናቸው፤ ውርጭን ከእናት ጡት ጋር ነው የሚያውቁት። ምድጃው ዳር የቀለጠው አልቆለታልና ለከብት ይሰጥ አሉ። ጎጆ ውስጥ ያለውን ግን አንድም ሰው ሞቅ ወዳለ ነገር እንዳያስጠጋው፤ ድንጋይ እንደሆነ ከፈላ ውሃ ውስጥ ይግባ። ትልቁ ድስት ተጣደ። የበሰለው ቆዳው በእጅ ሲነኩት ይሸሻል። የተላጠውን በጨርቅ ጠቅልለው ውሃው እስኪወጣ ይጨምቁታል፣ ፈርፍረው ቁርበትና ሰፌድ ላይ ያሰጡታል። ፀሐይና ብርድ ተቀባብለው ያደርቁታል፤ ሲደርቅ ይወቀጥና ከዚያች እፍኝ የገብስ ዱቄት ጋር ገንፎ ይወጣዋል። አያ ሸጋው ላጭ ሆነ፤ ልጣጩን ሲያበዛው፣ “ቆዳውን ነው ያልኩት፣ ሥጋውን ማን ላጥ አለዎት?” እየተባለ ተሰደበ። ታየችም ዝም ብዬ አልተኛም ብላ መጥታ ከመጭመቂያው አጠገብ ተቀመጠች።

እመት ውቢት ከበሰለው ቁራሽ አቀመሱት። ጣፈጠው። ውርጭ የነካው ድንች እንዲህ እንደሚጣፍጥ እስከዚያ ዕድሜው አያውቅም ነበር።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ደጁ ሁሉ ነጭ ፍርፋሪ ተሰጥቶበታል። ሁሉም አልተረፈም፤ ግማሽ ይሆናል። እመት ውቢት እጃቸውን ታጠቡና ወደ ዳባት የሚወስደውን አቅጣጫ አዩ።

“እዚሁ ትውለድ” አሉ። “ነገ እኔ ብቻዬን እመለሳለሁ።”

አያ ሸጋው የለመነው ይህንኑ ነበር። ደስታው ግን አልሞላለትም። ሴትዮዋ ነገ የሚገቡበትን ቤት ያውቀዋል፤ እንደ ራሱ ቤት ነው፣ ሲገቡ ቤት ለእንግዳ የሚል ሰው የለበትም።

“አይሂዱ” አላቸው።

“ደግሞ ብለው ብለው! የባል እናት ከአማቾቿ ቤት ስትከርም ሰው ምን ይላል?”

“የፈለገውን ይበል። ልጁን እርስዎ ይቀበሉ፣ እመት ውቢት። ስሙንም እርስዎ ያውጡለት።”

እጃቸው ነጠላቸው ላይ ቆመ። ክንዴ ከተወሰደ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሰው አያውቁም ይባላል፤ አሁን አለቀሱ፣ ፊታቸውንም አልሸፈኑም።

“እቀበለዋለሁ፣ አያ ሸጋው” አሉ። “ስሙን ግን አላወጣም። አባቱ መጥቶ ያወጣዋል። እስከዚያ ማሙሽ እያልን እናቆየዋለን።”

አያ ሸጋው ከኤርትራ ግንባር የተመለሰ የሰፈር ልጅ አላየም። በልቡ ክንዴን ከሙታን ከቆጠረው ቆይቷል፤ ለማንም ተንፍሶ ግን አያውቅም። ቀና ሲል ታየች መጭመቂያውን ጨርቅ እንደጨበጠች እሱን እሱን ታያለች።

“አዎ” አለ አያ ሸጋው። “እሱ ራሱ ያወጣለታል።”