የሰዒድ ክንድ

ቁጥሮቹ ያማሩ ነበሩ። ፅጌረዳ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ጠባብ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ ከሎጊያ የሚላኩላትን ልኬቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትከታተል ደስታዋን ለማንም አልተናገረችም፤ በጎውንም ክፉውንም ለመናገር ቸኩላ አታውቅም። «ትርታ» ብላ የሰየመችው የስልክ መተግበሪያ የጅቡቲን መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮችን የደም ግፊት ከመለኪያው ተቀብሎ፣ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ከፍ ሲል ቢጫ፣ ልብን የሚያሰጋ ሲሆን ቀይ ያሳያል። መለኪያው ሎጊያና አዋሽ ላይ ተቀምጧል። አምና ከግማሽ በላይ ቢጫና ቀይ የነበሩት አስራ ዘጠኝ ሹፌሮች ዛሬ አንድ ሳይቀሩ አረንጓዴ ሆነዋል።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ የውጤቱን ሪፖርት ልትፈርም ብዕር እንዳነሣች አንድ ነገር ዐይኗን ያዘው። መቶ አስራ አራት በሰባ ሁለት። መቶ አስራ ሦስት በሰባ ሁለት። መቶ አስራ አራት በሰባ አንድ። የልብ ምቱም ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት። አስራ ዘጠኝ ሰው አንድ መልክ ሊኖረው አይችልም፤ አንድ ደምም እንዲሁ። ብዕሩን መልሳ አስቀመጠችው።

ስሕተቱ ከየት እንደ ጀመረ ታውቃለች። በመጀመሪያ ቀለሙን የሚያየው ሹፌሩ ብቻ ነበር። ኋላ ግን የጭነት ማኅበሩ ስምሪት ክፍል «ለእኛም ይታየን፤ የታመመውን እናሳርፈዋለን» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ቀን አሰላስላ ፈቀደች፤ ውልም ፈረመች። ብዙም ሳይቆይ ሎጊያ ላይ አረንጓዴ ያላሳየ ሹፌር ጭነት ይዞ እንዳይወጣ ተወሰነ፤ አዋሽ ላይ የሚለካ ሰው ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ለሙከራ ክንዳቸውን ከሁሉ አስቀድመው የሰጧት ጋሽ ደስታው፣ ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጡት የጎጃም ሰው፣ ውሳኔውን ሲሰሙ ሳቅ ብለው ነበር።

«ልጄ፣ ቀዩን ለእኔ ስታሳዪኝ መድኃኒት ነው። ለእነሱ ስታሳዪው ፍርድ ነው።»

«ለማሳረፍ ነው እኮ፣ ጋሽ ደስታው።»

«አዎ፤ ያረጀ በሬንም እንዲሁ ነው የሚያሳርፉት።»

በባጃጅ ሎጊያ ደረሰች። መለኪያው ከተቀመጠበት ሱቅ አጠገብ ሰዒድ የሚባል ጎሚስታ የፈታውን ጎማ ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልጋል። ፈርጠም ያለ፣ የሠላሳ ዓመት ግድም ሰው ነው። ልታጣራ የመጣችውን ስትነግረው ክንዱን አልደበቀም።

«የትርታዋ ባለቤት አንቺ ነሽ ለካ» አላት። «እህቴ፣ ጎማው ለፈነዳበት ጎማ፣ ደሙ ለፈላበት ክንድ አበድራለሁ። አላህ የሰጠኝን ጤና ቆልፌበት ምን ላደርገው?»

«ለስንት ሰው ነው?»

«ተሰልፈው ነው የሚመጡት። ባለፈው አንዱማ፣ ‹ሰዒዶ፣ ዛሬ እንዳትናደድ፣ ሦስት መኪና እየጠበቀህ ነው› ብሎ ለስላሳ ጋበዘኝ።»

አልሳቀችም። «ጋሽ ደስታውም ይመጣሉ?»

የሰዒድ ፈገግታ ከፊቱ ረገፈ። «ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው የወጡት። ጋቢናው ላይ ሲወጡ መሐል ላይ ቆም ብለው ደረታቸውን ደገፉ። ‹ምነው ጋሼ?› ብላቸው፣ ‹ይህ መሰላል ዛሬ ረዘመብኝ› አሉኝ።»

እዚያው ቆማ ደወለች። ጋሽ ደስታው ወደ አዋሽ አቅንተው አዳይቱን አልፈዋል።

«ከሰዒድ ጋር ነኝ» አለቻቸው።

«እንግዲህ ተያዝን» አሉ። «ክንዱ ግን መልካም ክንድ ነው።»

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ ይጫነኛል።»

«አዋሽ ሲደርሱ በራስዎ ክንድ ይለኩ። ሌላ አልለምንዎትም።»

«ቀይ ቢሆንስ?»

«ሐኪም ቤት ይሄዳሉ።»

«አንቺ እንኳ ሳትመዝኚ አትናገሪም» አሉ። «እሺ። ለአንቺ ስል።»

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ልኬቱ ደረሳት። ሁለት መቶ አራት በመቶ ሃያ ስድስት። በሳምንታት ውስጥ መተግበሪያው የተቀበለው የመጀመሪያው እውነት ነበር። ወዲያው ደወለች።

«ስልኬ ‹አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ› ይለኛል» አሏት፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። «ስምሪት ደግሞ ቀዩን አይቶ ደወለ። ‹መሪ እንዳትነካ፤ ተተኪ ሹፌር እስኪመጣም ከጭነቱ እንዳትርቅ› አለኝ። የቱን ልስማ?»

«የእኔን ይስሙ። ትተውት ይሂዱ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭነት ሜዳ ላይ ጥዬ አላውቅም። ተተኪው ከመተሐራ ተነሥቷል። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

ስምሪት ክፍል ደጋግማ ደወለች፤ የሚያነሣ አልነበረም። አምቡላንስ ጠየቀች፤ ወላድ ይዞ ሄዷል አሏት። ተተኪው ሹፌር የደረሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፤ የጭነቱ ወረቀት ተጣጥፎ በጋሽ ደስታው የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። እሳቸው መሪው ላይ ደፋ ብለዋል። ያንቀላፉ መስሎት በስማቸው እንደ ጠራቸው፣ ኋላ ስትጠይቀው ነገራት።

አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ከተሸኘ በማግስቱ ጠዋት፣ ቢሮዋ ገብታ የመተግበሪያውን ገጽ ስትከፍት አስራ ስምንቱም ሹፌሮች ቢጫ ሆነው ጠበቋት። መቶ ሃምሳ አንድ በዘጠና ሰባት። መቶ ሃምሳ ሁለት በዘጠና ሰባት። የልብ ምት ዘጠና አራት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ስልኳ ጠራ፤ የስምሪት ኃላፊው አቶ ሸዋንግዛው ነበሩ።

«መምህርት፣ መተግበሪያሽ ተበላሽቷል። አስራ ስምንት መኪና ሎጊያ ላይ ተገትሯል።»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ አስራ ስምንት ሰው በአንድ ጠዋት ይታመማል?»

እውነቱን ብትናገር አስራ ስምንት ሰው ከመሪው ይወርዳል፤ ብትደብቅ እያንዳንዱ አንድ ቀን መሪው ላይ ይደፋል። ቃላቱን እንደ ልማዷ ልትመዝን ሞከረች፤ ሚዛኑ ላይ የምታስቀምጠው አጣች።

«አንድ ሰው ነው» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ያዘነው አንድ ሰው ነው።»

«አልገባኝም፣ መምህርት። ብቻ እስከ ቀትር አስተካክዪው» ብለው ዘጉ።

ምንም አላስተካከለችም። ስምሪት ክፍሉ ቀለሞቹን እንዳያይ ልትዘጋበት ሞከረች፤ ከማኅበሩ ጋር ከተፈራረመች ወዲህ ግን ሥልጣኑ የእሷ አልነበረም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ተቀመጠች። ከውጭ ሙቀቱ የመስኮቱን መስተዋት አግሎታል።

ቀትር ሳይሞላ ቢጫዎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ መሆን ጀመሩ። መቶ ስምንት በስድሳ ስድስት። መቶ ሰባት በስድሳ ስድስት። መቶ ስምንት በስድሳ አምስት። የልብ ምት ሰባ አራት። የሰዒድ አልነበረም። ጋሽ ደስታውን የማያውቅ፣ ሌላ ክንድ ነበር።