ሠላሳ ሁለተኛዋ ክዳን

የሽማግሌው ቀኝ እጅ ከኪሱ አልወጣ አለ። በጣቶቹ መካከል የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል ቀይ ክዳን አለች። ፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ ደግሞ ከሠላሳ ሁለቱ መስቀያዎች አንዱ ባዶውን ቀርቷል።

ክዳኖቹ የሳተላይቱን ዓይንና ጆሮ ከአቧራ የሚጠብቁ ናቸው። ሳተላይቱ በሮኬቱ አናት ውስጥ ከመታሸጉ በፊት አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ ይቆጠራሉ፣ ሰሌዳው ላይ ይሰቀላሉ። አንዷ ከተረሳች ያ ሁሉ ድካም ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል።

«ስንት ብለሽ ነው የፈረምሽው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ሠላሳ ሁለት። ትናንት በእጄ ቆጥሬ ነው የሰቀልኳቸው» አለች ቴክኒሻኗ።

«ታዲያ አንዷ ክንፍ አውጥታ በረረች?»

ሮኬቱ ሊመጥቅ አርባ ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ነገር ቆመ። ሮኬቱ ወደ መጋዘን ሊመለስ፣ አናቱ ሊከፈት፣ ሳምንታት ሊባክኑ ነው። የቴክኒሻኗም ሥራ አበቃለት ማለት ነው።

ሽማግሌው የገጣጣሚዎቹ አለቃ ነው፤ ነገ ጡረታ ይወጣል። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስትለው ኖራለች፦ «የአናጢ ሚስት ባሏ የሠራው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ያንተ ሥራ ሁሉ ሽቅብ ሄዶ ቀረ። እኔ ምን አየሁ?» ቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳያየው ክዳኗን አንሥቶ ኪሱ የከተታት ለእሷ ነበር። አንዴ ተቆጥሮ ከተፈረመ ማን መልሶ ይቆጥራል ብሎ ነው።

ዝም ቢልስ ማን ያውቃል? ስሙ እንደተከበረ ቤቱ ይገባል። ቀና ብሎ ቴክኒሻኗን አያት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጣቶቿን እያጠፈች እንደገና ትቆጥራለች፤ ራሷን መጠርጠር ጀምራለች።

«ልጄ፣ አልተሳሳትሽም» አለና እጁን ከኪሱ አወጣ። «ሌባው እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪው የክዳኗን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳከረና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«የተግሣጽ ደብዳቤ ነገ ይደርስዎታል» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ነገማ የለሁም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሊገድሉኝ ነበር እኮ!» ቴክኒሻኗ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ሽማግሌው «ይቅር በይኝ» ሲላት ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሣለት ያህል ቀለለው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሮኬቱ መጠቀ። ሳተላይቱ ከሮኬቱ ተላቆ የመጀመሪያ ምልክቱን ሲልክ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌው እፎይ ብቻ አለ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«ምን ይዘህልኝ መጣህ?»

«ባዶ እጄን። ልሰርቅልሽ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

ሁሉንም አጫወታት። በያዘችው እርጥብ ሸሚዝ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። «ሠላሳ ዓመት ታምነህ ኖረህ በመጨረሻው ቀን ሌባ!»

ትከሻዋን ይዞ አዞራት። «ያ የጎረቤት የውኃ ታንከር ይታይሻል? ከሱ ከፍ ብሎ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳተላይቱ እዚያ ይቆማል። ምድር ስትዞር እኩል አብሯት ይዞራል፤ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አይልም።»

«በዓይን ይታያል?»

«አይታይም።»

ባዶውን ሰማይ ብዙ አየችው። ከዚያ ገብታ ሁለት ወንበሮች ይዛ ወጣችና ፊታቸውን ወደ ታንከሩ አዙራ አስቀመጠች።

«ና፣» አለችው፣ «ሳይመጣ ቦታ እንያዝ።»