ስንጥቅ የማይወደው ቀለም ቀቢ

ስቱኮ የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣለት ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ያወጣለት ሰው ግን አፉ ይባረክ፣ አልተሳሳተም። ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲቀባ የኖረ ነው፤ ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ በር፣ መስኮት አይቀረውም። ሌላው ቀቢ ስንጥቁን በቀለም ሸፋፍኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሱ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየ እንቅልፍ የለውም። በስፓቱላው ስቱኮ የሚባለውን መድፈኛ ይሞላባታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋታል፣ በመዳፉ ይዳብሳታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀለም የምታየው። እንግዳ ሆኖ በሄደበት ቤት እንኳ ወንበሩን ገፋ አድርጎ የሰው ግድግዳ ሲመረምር ስንት ጊዜ ተይዟል።

በገዛ ቤቱ ግን የማይነካው አንድ ነገር ነበር፤ ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ ምንም ያልተሰቀለበት ምስማር። የመታው በሰርጋቸው ማግስት ነው፣ የሰርጉን ፎቶ ሊሰቅልበት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ያለ ጊዜው ከፈተና ፊልሙን ብርሃን መታው፤ አንድም ፎቶ ሳይተርፍ ቀረ። ሚስቱ ያን ዕለት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን በእጇ ትከልላለች። አዋላጅ ነርስ ስለነበረች፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ በእጇ የተቀበለች ሴት፣ ቤቷ ውስጥ አንድ የራሷ ምስል አልነበራትም።

"ያን ምስማር ንቀለው፣ የዝንብ ማረፊያ ሆኗል" ትለዋለች።

"ቆይ እስቲ" ይላታል። ግድግዳውን ስምንት ጊዜ ቀብቶታል። ስምንቱንም ጊዜ ምስማሩን በብሩሽ ጫፍ ዞሮት አልፏል።

አርባኛ ዓመታቸው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ሐሳብ መጣለት። ፎቶ እምቢ ካለች በቀለም ይሥላታል። ቀለም እንደሆነ የእሱ ነው! ያኔ ምስማሩ ሥራ ያገኛል። ለማንም ሳይናገር የሰዓሊ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ።

"ምን ልታዘዝ ጋሼ?" አለች ባለ ሱቋ።

"የዘይት ቀለም። የሰው ፊት ልሠራ ነው።"

"ከዚህ በፊት ሠርተው ያውቃሉ?"

"አርባ ዓመት ሠርቻለሁ።"

"ፊት?"

"በር" አለ ስቱኮ፣ ትንሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች፤ ግን ደግ ሴት ነበረች። በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ፣ ሦስት ጠንካራ ብሩሽና አንድ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማና ሰማያዊ ቀለም፣ የተልባ ዘይትና ተርፐንታይን ደረደረችለት። ጥቁር ሲጠይቃት እምቢ አለች። "ጥላን በጥቁር የሠራ ሰው ፊቱን ጥላሸት ነው የሚያስመስለው። ቡናማና ሰማያዊ ያደባልቁ። ደግሞ ይስሙኝ፣ የመጀመሪያውን የቀለም እጅ በተርፐንታይን ያቅጥኑት፣ ዘይት ለላይኛው እጅ ብቻ፣ እሱም ጠብታ። ዘይት ካበዙ አይደርቅልዎትም።"

"ይሄ ለእኔ ይነገራል እንዴ!" ብሎ አሰበ ስቱኮ። አንገቱን ግን በትሕትና ነቀነቀ።

የዕቃ ማስቀመጫዋን ክፍል ከውስጥ ቆልፎ ሥራ ጀመረ። አብሮት የሚገባው ድንች ብቻ ነበር። ድንች ውሻቸው ነው፤ ቡናማ፣ ድብልብል፣ ከሁለት ምግቦች መካከል የሚተኛ። ሲስተር የተቀመጠችበት ቦታ ሁሉ እግሯ ሥር እሱ ስላለ፣ ያለ እሱ መሣል የማይሆን ነው።

የውሻው ፀጉር አበሳውን አሳየው። አንድ በአንድ ልሥለው ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ጆሮ ላይ ፈጀ፤ ድንች መጥረጊያ መሰለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ግንባሩን መታ። ተራ እንጨት ውድ እንጨት እንዲመስል የሚሠራው ዘዴ አለ አይደል! ፈዘዝ ያለውን ቀለም መጀመሪያ ይቀባል፣ ሲደርቅ ጠቆር ያለውን ከላይ ይደርባል፣ እሱ ሳይደርቅ በማበጠሪያ ይስበዋል፤ የስሩ ቀለም በመስመር በመስመር ብቅ ይላል። አሮጌ ማበጠሪያውን ከሣጥን አወጣና ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ከግንባር ወደ ጀርባ ሳበው፤ ትከሻው ላይ አዙሮ፣ ሆዱ ላይ ላላ አድርጎ። ቀና ብሎ ሲያይ ድንች ሸራው ላይ ተኝቷል። እውነተኛው ድንች ተነሥቶ መጣና የተሣለውን አሸተተው፤ ስቱኮ በሳቅ ወንበሩን ይዞ ሊወድቅ ነበር።

የሲስተር ፊት ደግሞ በሌላ መንገድ ተሠራ። ምስጢር ስለሆነ ተቀመጪልኝ ሊላት አይችልም። በምሳ ሰዓት ሰርቆ ያያትና ወደ ክፍሉ ሮጦ ይቀባል።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? አፌ ላይ ምግብ አለ እንዴ?"

"ኧረ ምንም የለም።"

"ታዲያ ምን ያስፈጥጥሃል፣ ልትሸጠኝ ነው?"

የሚስቱን ፊት በጨለማም ያውቀዋል፤ ችግሩ እጁ ላይ ነበር። ከዓይኗ ጠርዝ የሚነሡትን መስመሮች ሲያሰምር እጁ ሳይታዘዝ በለስላሳው ብሩሽ ያለሰልሳቸዋል። ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርዱትን ሁለቱንም ዘጋቸው። ልጅ ሆና ከደረጃ ወድቃ አገጯ ላይ ያተረፈችው ጠባሳም ጠፋ። የፊት ጥርሷ ፍንጭት እንዳይታይ አፏን ከደነው። በመጨረሻም፣ ያላብለጨለጨ ሥራ ሥራ ስለማይመስለው፣ የተልባውን ዘይት ጠብታ ሳይሆን አፈሰሰበት። ሲስተር እንደ ባንክ በር አብለጨለጨች። ስቱኮ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ ድንችን አቅፎ ሳመው።

የአርባኛ ዓመታቸው እሑድ ደረሰ። ትልቋ ልጃቸው ከባሏ ጋር መጣች፤ አማቹ አናጢ ነው፣ ምስጢሩን ከሁሉ በፊት የሰማ እሱ ስለሆነ ፍሬሙን በእጁ ሠርቶ ነው የመጣው። ምሳ ከመቅረቡ በፊት ስቱኮ ሥዕሉን ሳሎን አምጥቶ ወንበር ላይ አቆመና የሸፈነበትን አንሶላ ገፈፈ።

"ውይ ድንች!" አለች ልጅቷ። "እማዬ፣ እዪው! ሊጮህ ነው እኮ!"

አማቹ ቁጢጥ ብሎ ተጠጋ። "ጋሼ፣ ይሄ የበር ማበጠሪያ ነው አይደል? እንዴት አባቱ ነው የሚያምረው! ሆዱ ሲተነፍስ ይታያል።"

ስለ ጆሮው ተባለ፣ ስለ ጅራቱ ተባለ። ከዚያ ልጅቷ ወደ ላይ ቀና አለችና፣ "ሴትየዋስ ማን ናት አባዬ?" አለች።

አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ቃል ከወጣ ወጣ ነው። ስቱኮ ኩም አለ።

ሲስተር ቆማ ሥዕሉን ብዙ አየችው። "ቆንጆ ናት" አለች። "ከእኔ በፊት ያገባሃት ናት?"

ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ነገር ግን ስቱኮ የሚስቱን ሳቅ አርባ ዓመት ሰምቷል፤ ይህኛው ቶሎ አለቀ። አማቹ ፍሬሙን አንሥቶ ወደ ምስማሩ ሲያይ፣ "አይሰቀልም" አለችው። ያኔ ስቱኮን ከልቡ ከፋው። ምስማሩ ሌላ አርባ ዓመት ባዶውን ሲቀር ታየው፤ ሌላ አርባ ዓመት ደግሞ የላቸውም።

"ምን ጎደለው?" አለ።

"ምን ያልጎደለው አለ!" ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። "ጠባሳዬስ? ጥርሴስ? ይኼ ሁሉ መስመሬ የት ሄደ?" ድንገት ዘወር ብላ አፈጠጠችበት። "አንተ ሰውዬ! ደፍነኸኛል እኮ! ስቱኮ ነው ያደረግከኝ!"

ስቱኮ ሥዕሉን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ሥዕሉን አየ። እውነቷን ነው። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ፈንድቶ ወጣ፤ ሲስተርም ተከተለችው፣ ይሄኛው ግን ቶሎ አላለቀም። አማቹም በሳቅ ፍሬሙን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"በል" አለች ሲስተር እንባዋን እየጠረገች፤ ወንበር ጎትታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ድንች ተነሥቶ እግሯ ሥር ተኛ። "ንቀለው ያንን ስቱኮ። እኔ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ሰርቀህ ሳይሆን በደንብ እየኝ።"

ስቱኮ በጣቱ የተሣለውን ጉንጭ ነካ። ጣቱ ሰመጠ። ባለ ሱቋ እንዳለችው ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘይት ምክንያት ፊቱ ገና አልደረቀም፣ በስሱ የተሠራው ውሻ ግን ደርቆ ጠንክሯል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! ስፓቱላውን አምጥቶ የባንክ በር የመሰለችውን ሴትዮ ጠርጎ አወረዳት፣ የቀረውን ተርፐንታይን በነካው ጨርቅ ወለወለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ብሩሹን ያዘ።

መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ብርሃን ያለበትንና የሌለበትን ብቻ ለየ። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አያት፤ የመስኮቱ ብርሃን ግራ ጉንጯ ላይ ነበር፣ ቀኙ ቡናማና ሰማያዊ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወፈር ያለውን ቀለም፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅ፣ በላዩ። ሲስተር ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ከወንበሯ ሆና ወጥ ታማስላለች፣ ማለት ልጅቷን እንድታማስል ታዛለች፤ ሊፍት ውስጥ ያዋለደቻቸውን መንታዎች ታሪክ ታወራለች፤ እየሳቀች ትንቀሳቀሳለች፤ እሱም እየተንቀሳቀሰች ይሥላታል። አንድ ጊዜ አመሉ አልለቀው ብሎ እጁ ወደ ለስላሳው ብሩሽ ሄደ።

"አየሁህ!" አለች ሲስተር።

አማቹ ለስላሳውን ብሩሽ ቀማውና ኪሱ ከተተው።

ምሳው በረደ፤ ማንም ግድ አልነበረውም። አመሻሽ ላይ ስቱኮ በብሩሹ ጫፍ ነጭ አንሥቶ ዓይኗ ውስጥ አንድ አንድ ነጥብ አኖረ፣ ጥርሷ መካከል ደግሞ አንዲት ጠቆር ያለች መስመር። የብሩሹ ዱካ ሁሉ ይታያል፤ ቀለሙ እዚህ ወፍሯል፣ እዚያ ሳስቷል። በር ቢሆን ኖሮ ደመወዙን ይከለክሉት ነበር።

ሲስተር ተነሥታ አየችው። ብዙ ቆየች። እጇ ወደ አገጯ ሄዶ ጠባሳዋን ነካ።

"እኔ ነኝ" አለች። ፊቷን አልከለለችም። የስቱኮ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

አማቹ ሥዕሉን ፍሬሙ ውስጥ አስገብቶ፣ እርጥቡን እንዳይነካ በጠርዙ ይዞ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ገና እጁን ሳይለቅ ግን ምስማሩ ተነቀለ። አርባ ዓመት ቆሞ የዛገ ምስማር መዳፍ የሚያህል ልስን ይዞ ሶፋው ላይ ዱብ አለ። "እኔን!" ብላ ልጅቷ ጮኸች፤ ደግነቱ ፍሬሙ ከአማቹ እጅ አልወጣም። ስቱኮ ያን ቀዳዳ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሊሮጥ ዞረ።

ሲስተር እጅጌውን ያዘችው። "የት ነው?"

"ስቱኮ ላመጣ፣ አንድ ደቂቃ..."

"ተወው" አለችው። "ይሄኛውን ተወው።"

ስቱኮ ቀዳዳውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ተመልሶ አጠገቧ ቆመ። አማቹ አዲስ ምስማር ከፍ ብሎ መታ፤ ሥዕሉም ቀዳዳውን ሸፍኖ ተሰቀለ።

ዛሬም አልደፈነውም። እንግዳ ሥዕሉን አይቶ ሲያደንቅ፣ ስቱኮ ማንም ሳይጠይቀው ፍሬሙን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ይገፋና ቀዳዳውን ያሳያል።